ጭቃ የሾመው ዳኛ

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ቁርስ ቤት ተቀምጬ ፉል እበላ ነበር። የሰሊጥ ዘይቱን ሳይሰስቱ ያፈሰሱበት፣ ቃሪያው ዓይን የሚያስነባ ፉል ነው። ጎንደር ከተማም እንዲህ ያለ ይገኛል የሚለኝ ካለ አልከራከረውም፤ አዝንለታለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የምክር ቤት ስብሰባ ያሳያል። ክርክሩ ስለ ዳኞች አሿሿም ነው። አንዱ ዕጩዎችን መመልመል ከመንግሥት እጅ ይውጣ ይላል። ሌላው የሕዝብ ተወካይ ያልያዘው ሹመት ባለቤት የለውም ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ትዘረዝራለች። አጠገቤ የተቀመጠው የጭነት መኪና ሾፌር ዳቦውን ፉሉ ውስጥ እየነከረ፣

«ዳኛን ማንም ሾመው ማን፣ ለኛ ምን ይለውጥልናል?» አለ።

ሐሳቤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጥቁር አፈር ሄዶ ነበር። በሕይወቴ ካየኋቸው ዳኞች ሁሉ የተሻለውን መንግሥትም አልሾመው፣ ሕዝብም አልመረጠው። የሾመው ጭቃ ነው።

ደርግ የሕገ መንግሥት ረቂቅ አሳትሞ «ተወያዩበት» ያለበት ክረምት ነበር። እኔ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት መምህር ነኝ። ከሸሕዲ፣ ከዛሬዋ ገንዳ ውሃ፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ውስጥ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የውይይቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁ። መጽሐፍ ስለማበዛ ስለ ፍትሕ የቀረኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ከሚያነበው መጽሐፍ ይልቅ ያላነበበው ቢበልጥ ይሻለዋል የምለው ከዚያ ወዲህ ነው።

የቆላ ክረምት ከላይ ዝናብ፣ ከታች ወበቅ ነው። አፈሩ ጫማ ይይዛል፣ አይለቅም። ሰሊጡ ከመሬት ብቅ ይልና አረሙም አብሮት ይነሣል፤ ያን ጊዜ የጎጃምና የወሎ ደገኞች የራሳቸውን ዘር ዘርተው፣ አረሙ እስኪደርስባቸው ባለው ጊዜ ለቀን ሥራ ይወርዳሉ። በዚያ ዓመት ከወረዱት አንዱ ይበልጣል የሚባል የጎጃም ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሲናገር ቀስ ይላል፣ ሲሠራ ግን አቻ የለውም። ጉዱን ያመጣውም ይኸው ጉብዝናው ነው።

አቶ ሙላው የሚባሉ ነባር ገበሬ በሰሊጥ ማሳቸው ጥግ አሰማርተውት ሸሕዲ ሄዱ። ይበልጣል ሰሊጥ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ኑግ ያውቃል። ማሳው ውስጥ አገሩ ያለውን ኑግ የሚመስል ቅጠል አየና፣ የቅባት እህል ማለት ይኼው ነው ብሎ ደመደመ። ሙላው ሲመለሱ ሰሊጡ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ተከምሯል፤ አረሙ ግን ተኮትኩቶ፣ አፈር ታቅፎ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሙላው በገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ከሰሱት። የጠየቁት ካሣ፣ እስከ አጨዳ ድረስ ያለ ደመወዝ እዚሁ እንዲሠራላቸው ነበር። የይበልጣል ጭንቀት ደመወዙ አልነበረም። ለራሱ ማሳ አረም በጊዜው ካልደረሰ መሬቱ «ጦም አደረ» ተብሎ ለሌላ ይሸነሸናል፤ ያገሩ ማኅበር አስቀድሞ አስጠንቅቆታል። ሚስቱ ደግሞ አራስ ናት። የሸንጎው ሰብሳቢ ማን መሰላችሁ? የሙላው ሴት ልጅ ባል። በትክክል ተመርጧል፤ ሁሉም እጁን አውጥቶለታል፤ ያውም የሙላውን ጠላ በያዘበት እጁ።

ችሎቱ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ረቡዕ ዕለት ውይይቱን የሚመራው ካድሬ ከአውራጃ መጣ። ከእንሰት አገር የመጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ወጣት ነው። ሰው እንዲሞላለት ወዛደሩም ሁሉ ይምጣ ብሎ ነበርና ይበልጣልም ከዲማው ዛፍ ሥር ከኋላ ተቀመጠ። ካድሬው ዳኞች በየደረጃው ባሉ ሸንጎዎች ይመረጣሉ የሚለውን አንቀጽ አነበበና «ጥያቄ?» አለ። ጥያቄ ይኖራል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይበልጣል ተነሣ። «ጓድ፣ ዳኛውን ሸንጎው ይመርጠዋል አሉን። ሸንጎውን ማን ይመርጠዋል?»

«ሰፊው ሕዝብ።»

«እኔስ ሰፊ ነኝ?»

ሰው ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። «አንተ የዚህ ማኅበር አባል አይደለህም። በአገርህ ምረጥ።»

«በአገሬማ ማን ከሰሰኝ? የተከሰስሁት እዚህ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ብዕሬም ቆመ። ያን ጊዜ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኛ መጀመሪያ ወደዚህ ቆላ ስንወርድ ሸንጎም ፖሊስም አልነበረ። የተጣሉ ሁለት ሰዎች የነጠላቸውን ጫፍ እርስ በርስ ቋጥረው መንገድ ይወጡና፣ መጀመሪያ የመጣውን መንገደኛ በሕግ አምላክ ብለው ያቆሙታል። ስማቸውን አይጠይቅ፣ ውኃ አይቀምስ፣ ፈርዶ መንገዱን ይሄዳል። የተረታው ቋጠሮውን በእጁ ይፈታል። ዳኛ ማለት ለኛ የማያውቀን ሰው ነበር።»

«ይህ ፊውዳላዊ ልማድ ነው» አለ ካድሬው።

«ይሁን ግዴለም!» አሉ ሙላው ብድግ ብለው። «በአማቹ አስፈረደ ከምባል በመንገደኛ ልርታው! ይኼ እንደሆነ ፀሐይ የሞቀው ጥፋት ነው፣ መላእክት ቢወርዱ አይሽሩልህም!»

የልጃቸው ባል፣ የሸንጎው ሰብሳቢ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ከመካከላችን ከሁሉ የበለጠ የተደሰተው እሱ ነበር።

ስብሰባው አልቆ መንገድ ወጣን። ሙላውና ይበልጣል ነጠላቸውን ቋጥረው እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ቆሙ። ክረምት ነውና መንገደኛ ጠፋ። ብዙ ከቆየን በኋላ አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ካድሬው ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብታ በእግሩ ወደ ሸሕዲ መሄዱ ነው።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ሙላው።

«እሱ አይሆንም» አልሁ እኔ፣ መጽሐፍ አንባቢው። «አሁን ስብሰባ ላይ አይቷችኋል።»

አያ ደምሴ ናቁኝ። «ስማችንን አያውቅ፣ እዚህ ዘመድ የለው፣ ሁላችንንም እኩል ይጠላናል። ከዚህ የበለጠ ዳኛ ከየት ይመጣልሃል ልጄ?»

ካድሬው ሊያልፍ ሞከረ፤ ሕዝቡ ግን መንገዱን ሞልቶታል። ጫማውን መሬት አስቀምጦ ሁለቱን ሰማ። ሙላው በንግግራቸው ብቻ አልረኩም። በኩራት ከመንገዱ ዳር ወዳለው ማሳቸው ዘለቁ፤ ይበልጣልም በነጠላው ተጎትቶ ተከተላቸው። አንድ ሰሊጥና አንድ አረም ነቅለው በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

«ፍረድ ጓድ! ይህን ከዚህ የማይለይ ሰው አለ? ሕፃን ይለየዋል!»

ካድሬው መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገ። አሰበ። በመጨረሻ በቀኝ እጃቸው ያለውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ይህን መልካሙን ተክል ነው እንግዲህ የነቀለው?» አለ።

የነካው አረሙን ነበር።

«የለም ጓድ...» አሉ ሙላው ድምፃቸው ሰልሎ። «እሱማ አረሙ ነው።»

ያን ሰው አጥብቄ አየሁት። ሊቆጣ ይችል ነበር። አሾፋችሁብኝ ብሎ ሁላችንንም ሊያሳስር ይችል ነበር፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ የታሰረ ሞልቷል። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያም፣

«እንግዲያው እኔም እነቅለው ነበር» አለ።

ፍርዱም አጭር ነበር። «ሳያሳዩት ያሰማሩት እርስዎ ነዎት። እሱም ሳይጠይቅ ነቅሏል። አረሙን ያጽዳ፣ ዘሩን እንደገና ሲዘሩ ያግዝዎት፤ በሦስተኛው ቀን አገሩ ይግባ።»

ሙላው ቋጠሮውን ሊፈቱ ታገሉ። ነጠላው በዝናብ ርሶ ጠብቋል። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ፈቱት፤ ቀና ሲሉ ይሥቁ ነበር። «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ አሳይቼ ተረታሁ!»

ካድሬው ጫማውን አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ አይገባም።»

«የዳኞቹን አንቀጽ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በሙሉ ድምፅ ተደግፏል።»

በሚያምር የእጅ ጽሑፌ እንዲሁ ጻፍሁ። የይበልጣልን ጥያቄ አልጻፍሁም። ዛሬ ጀግና ነበርሁ ብላችሁ ማንም አያምነኝ። በዚያ ዕለት የተሰጠው እውነተኛ ፍርድ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ወረቀት ላይ የሰፈረውን ደግሞ ማንም አላለውም።

ይበልጣል በሦስተኛው ቀን ሄደ፤ ለራሱ ማሳ አረም ደረሰ። በዓመቱ ተመልሶ ሲወርድ በጨርቅ የቋጠረ ነገር ይዞ ቀጥ ብሎ ሙላው ቤት ሄደ። የኑግ ቡቃያና ያን የሚመስል የደጋ አረም ነበር፤ በመንገድ ደርቀው ሁለቱም አንድ መስለዋል። «አቶ ሙላው፣ አሁን ደግሞ አንቱ ይለዩ» አላቸው። ሙላው አልለዩም። ይልቅ ቁጭ በል ብለው የማሽላ እንጀራ አቀረቡለት።

ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሾፌሩ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ አሁንም ቴሌቪዥኑን ያያል። ሴትዮዋ ዝርዝሯን አልጨረሰችም። ዕውቀት፣ ልምድ፣ ሥነ ምግባር፤ ሁሉም መልካም ነው። ሕጉም ይሻሻል፣ አልቃወምም።

«ታዲያ አንቱ ማን ይሹመው ይላሉ?» አለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ።

«የወደደ ይሹመው» አልሁት። «ብቻ ከመሾሙ በፊት በሰው ፊት ሲሳሳት አይተነው ይሁን፤ ከዚያም ምን እንዳለ ሰምተን።»

ሾፌሩ ለአስተናጋጇ ሌላ ፉል አዘዘ። ቴሌቪዥኑ ላይ እጆች ወጡ። እኔ ከእጆቹ ሥር ቃለ ጉባኤ ያዡን ፈለግሁት፤ ካሜራው አላሳየውም።