የተመለሰው ትሪ

ትሪው ፊቴ ሲቀመጥ ጠዋት ከቀመስኳት ቁራሽ ዳቦ ሌላ ሆዴ ውስጥ ምንም አልነበረም። ቢሆንም በዚያች በምችላት እንግሊዝኛ፣ «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ።

የሬስቶራንቱ ባለቤት ጃፓናዊት ናት፤ ስድሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ትሪውን እንዳለ አንስታ ወደ ኪችን ተመለሰች።

እኔ ደግሞ እስክትለምነኝ እየጠበቅሁ ነበር።

ያን ቀን የሄድኩት ልጋበዝ ሳይሆን ሥራ ልቀጠር ነው። የምኖረው ሜልቦርን ውስጥ፣ ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ወንድሜ ቤት ነው። የወንድሜ ሚስት ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷት ስለነበር የምተኛባት ክፍል ለሕፃኑ ትፈለጋለች። ማንም ውጪ አላለኝም። ግን የሕፃኑ አልጋ በካርቶን እንደታሸገ መጥቶ ፍራሼ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሥራ ካላገኘሁ የራሴን ክፍል መከራየት አልችልም። ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ለሙከራ ሠርቼ ሁለቱም ሳይደውሉልኝ ቀሩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ዓይኔን ጫማዬ ላይ እተክላለሁ። አንደኛው ቦታ ጆሮዬ የማይሰማ መስሏቸው ነበር።

ይህኛውን ያገኙልኝ እትዬ ናቸው። ከእኛ በታች የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ የዚያን ሬስቶራንት ወለል ለዓመታት ሲያጸዱ ኖረዋል። በትራም ይዘውኝ ሄዱ። ስንደርስ የምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ጭር ብሏል። ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ጠባብ ቤት ነው። የሚቀርበው ጃፓኖች ቤታቸው የሚበሉት ዓይነት ምግብ ነው፤ ሩዙ፣ ሾርባው፣ ዓሣው በየሳህኑ ሆኖ ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ ትሪ ይመጣል።

ትሪው ሲሄድ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ምን አልሻት አንቺ?»

«ጠግቤያለሁ አልኳት።»

«በልተሽ ነው የመጣሽው?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ!»

«እንዴት ገና ከመስጠቷ እሺ እላለሁ እትዬ? ትለምነኛለች ብዬ ነው።»

ሳቃቸው አመለጣቸውና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «በሞቴ እንድትልሽ? አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር አልፈልግም ካልሽ አልፈለግሽም ነው፤ አለቀ።» ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ምግቡ እኮ ነው ፈተናው። ምግቧን ያልበላ ሰው ትሪዋን አይነካም። እኔን እንኳ ወለል ከማስጠረጓ በፊት አብልታኛለች።»

ወደ ኪችኑ በር ዞር አልኩ።

ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስንሄድ እናቴ ምንም አትለኝም፤ ታየኛለች። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ዳቦ ሲሰጡኝ በመጀመሪያው እጄን ዘረጋሁ። ቤት እስክንደርስ ጠበቀች። በሩን ዘግታ ጭኔን ቆነጠጠችኝና፣ «ሰው የማላበላሽ ይመስለዋል» አለች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ እምቢ ሳልል እሺ ብዬ አላውቅም። እናቴ ሜልቦርንን አይታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይኗ እዚያ ቤት ውስጥ ነበር።

«ይንገሩልኝ እትዬ። እርስዎ ቋንቋውን ይችላሉ።»

«አልነግርልሽም። ሥራ ስትገቢ እኔን በኪስሽ ልትይዢኝ ነው?»

ተነሳሁ። ኪችኑ በር ላይ አጭር ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከሥሩ የሴትዮዋ እግሮች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታዩኛል። ርቦኝ እንኳ ምግብ ስጡኝ ብዬ ሰው ጠይቄ አላውቅም። ልመለስ አሰብኩ። የመንገዱን በር ከፍቼ ልወጣም አሰብኩ። የታሸገው አልጋ ትዝ አለኝ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ዓሣውን በላስቲክ ልትሸፍነው ነው።

«ዋሸሁ» አልኳት። «ርቦኛል።» ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

አልሳቀችም። ላስቲኩን አስቀመጠች፤ ትኩስ ሾርባ ቀዳች፤ ትሪውን ይዛ ከኋላዬ መጣች። ከዚያም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ይህንን አላሰብኩም ነበር። ሰው እያየኝ እበላለሁ ማለት ነው።

ዓይኔን ከትሪው ላይ ማንሳት አቃተኝ። የሚበላባቸው ሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች አልያዝ እያሉኝ ዓሣውን ይጥሉታል። እትዬ የሩዙን ሳህን ወደ አፌ እንዳስጠጋ በእጃቸው ምልክት አሳዩኝ። እናቴ ብታየኝ ብዬ አፈርኩ፤ ግን አስጠጋሁት። ምግቡ ምን ምን እንደሚል አላውቅም።

ስጨርስ ከሩዙ ትንሽ አስቀረሁ። ሳህን ጠርጎ መብላት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ሴትዮዋ በጣቷ ወደ ሩዙ ጠቆመችና፣ «መጥፎ ነው?» አለች።

ፊቴ ጋለ። «ጥሩ ነው» አልኩና ፍሬ በፍሬ ለቀምኩት። እትዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ጀመር።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን ሳህኖቹን ከትሪው ላይ አንስታ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ከመረቻቸው። ባዶውን ትሪ ወደ እኔ ገፋችው።

«ደርድሪ» አለችኝ።

ሳህኖቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ቦታቸውን አውቀዋለሁ። ግድግዳው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ብትጠይቀኝ አልመልስም፤ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ቀና ብዬ ያየሁት ነገር የለም። ያየሁት ትሪውን ብቻ ነው። ሩዝ በግራ፣ ሾርባ በቀኝ። ዓሣው ከኋላ፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፣ ራሱን ወደ ግራ አዞርኩት። ቢጫው ኮምጣጣ አትክልት የነበረባት ትንሽ ሳህን መሐል። እንጨቶቹ ከፊት፣ ጫፋቸው ወደ ግራ።

ሴትዮዋ ብዙ አየችው። የትኛውን ሳህን እንደምታንቀሳቅስ ጠበቅሁ። አንዱንም አልነካችም።

«ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት» አለች።

ትራም ላይ እትዬ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «የዓሣውን ራስ እንኳ አልረሳሽም! ማን አሳየሽ?» አሉኝ።

«ፈርቼ ነው እትዬ።»

«እንግዲያስ ሐሙስም ፍሪ» አሉ።

ቤት ስገባ የወንድሜ ሚስት ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ እራት እያቀረበች ነበር።

«ነይ ብዪ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«የት በልተሽ?»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! አንድ ጉርሻ ብቻ።»

የጠቀለለችውን ይዛ እጇ አፌ ጋ ቆመ። ከእሷ ጀርባ ክፍሌ በሩ ተከፍቶ፣ ካርቶኑ ይታያል። ጎረስኩላት። ሥራ ማግኘቴን የነገርኳት ጉርሻውን ውጬ፣ ውሃ ጠጥቼ ነው።