ሦስት ያልታወቁ ቦታዎች

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኃላፊያችን ከሥልጠና ተመለሱ። ከቴፒ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ፣ የቱሪዝም ጉዳይ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ በባለሙያነት ተቀጥሬ ነበር። በእነዚያ ወራት ድምፄን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ኃላፊው በሥልጠናው ላይ የሩቅ አገር ደሴቶች ፎቶ አይተዋል። ሀብታሞች የመዝናኛ ጀልባ እየተከራዩ ማንም የማያውቀውን የባሕር ጥግ ሲፈልጉ ይከርማሉ አሉን። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«እኛም ሐይቅ አለን፤ ደሴት አለን። አንቺ ልጅ፣ ሦስት ያልታወቁ ቦታዎች በሪፖርት ካቀረብሽ ቋሚ ትሆኛለሽ።»

ካላቀረብኩ ምን እንደምሆን አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እናቴ ግን ቋሚ ሆነች ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ሐይቁ ጫካ መሀል ያለ ትንሽ ውሃ ነው። ከዓሣ አጥማጆች አንድ የብረት ጀልባ ከነቀዛፊው ተከራየን። ኃላፊው ቀዛፊውን «ካፒቴን» ብለው ሲጠሩት፣ ሰውየው ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።

የነፍስ አድን ጃኬት ያለው አንድ ብቻ ነበር። ኃላፊው ለእኔ ቢሰጡኝ በምን ቃል እምቢ እንደምል ሳሰላስል፣ የመሥሪያ ቤቱን ማህተም የያዘውን ሳጥን ከቦርሳቸው አውጥተው ጃኬቱን አለበሱትና ማሰሪያውን ደጋግመው ቋጠሩት። ቦታዎቹ ያልታወቁ ስለመሆናቸው የሚያዘው ቃለ ጉባኤ እዚያው በቦታው ተፈርሞ እዚያው መታተም ነበረበት። ሰው ቢወድቅ ካፒቴኑ ያወጣዋል፣ ማህተም ቢሰምጥ ግን ሌላ ለማስቀረጽ ስንት ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ አሉኝ። አውቃለሁ፤ ደብዳቤዎቹን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሳጥኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ካፊያ ስለጀመረ ኃላፊው ለሳጥኑ ጃንጥላ ዘረጉለት።

ከቁጥቋጦ ጀርባ የተሸሸገች ንጹሕ አሸዋ አገኘን። ኃላፊው «ቁጥር አንድ» ብለው ሳይጨርሱ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ብቅ አሉ። አንዷ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ ጃንጥላ ሥር ጃኬት የለበሰ ሳጥን ወደታቀፍኩት ወደ እኔ ተመለከተች።

«ሙሽራዋ ምነው አንገቷን ደፋች? በግድ ነው እንዴ?»

«ልጅ ታቅፋ የምትዳር ሙሽራ በምን ዓይኗ ቀና ትላለች?» አለች ሌላዋ።

ውሃው ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ዋና ግን አልችልም።

ሁለተኛው ቦታ ከገደል ሥር ያለ ጥላ ነበር። እዚያ አንድ መምህር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ያርማል። ቤት ውስጥ ልጆቹ ስለሚረብሹት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንደሚመጣ ነገረን። ኃላፊው ቦታውን ለማን ለማን እንዳሳየ ጠየቁት። እሱም ማሳየት እንዳላስፈለገው፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን ሁሉ እዚያ ተራ እንዳላቸው አስረዳን። እኔ ይኼም የታወቀ ነው ብዬ አንሾካሾክኩ። ኃላፊው አንድ ቦታ ታወቀ የሚባለው ፋይል ሲከፈትለት ነው አሉ።

ሦስተኛው ቦታ በሐይቁ መሀል ያለችው ደሴት ነበረች፤ እዚያ ስንወርድ ከጉሬዛ ድምፅ በስተቀር ምንም አይሰማም። ልቤ መለስ አለ። ኃላፊው «የመስህብ ቦታ ቁጥር 3» የተጻፈበትን ቆርቆሮ አወጡ፤ ከሁሉ ትልቁን ዛፍ መረጡ፤ ሚስማሩን አስጠግተው መዶሻውን አነሱ።

«ልጄ፣ መዶሻውን አውርደው» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

አንድ ሽማግሌ ቅርንጫፍ ላይ፣ በቀፎዎች መካከል ተቀምጠዋል። በዚያ አገር አባት ቀፎ የሰቀለበት ዛፍ የልጁ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ይህን ከእኛ የማያውቅ አልነበረም፤ ኃላፊውም ያውቃሉ። ዛፉን ያዩት ግን ለሰሌዳ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ወረዱ። ኃላፊው ይቅርታ ጠይቀው ሳይጨርሱ ቃለ ጉባኤውን ዘረጉላቸው፤ ቦታው እስከ ዛሬ ያልታወቀ ስለመሆኑ እንዲመሰክሩ።

«እኔ እንደማላውቀው ልፈርም?» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ እርስዎም እኮ ገና አልተመዘገቡም።»

ሽማግሌው ነገሩን በእውነት አሰቡበትና አውራ ጣታቸውን ለቀለም ዘረጉ። ቀለሙም ማህተሙም እኔ በታቀፍኩት ሳጥን ውስጥ ነው። እጄ ቋጠሮው ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ ይኼን ማተም አልችልም» አልኩ።

ካፒቴኑ እንኳ ዞር ብሎ አየኝ። ኃላፊው ቃለ ጉባኤውን አጣጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ሽማግሌው ቆርቆሮውን አንስተው በክንዳቸው ለኩ፤ ይዘውት ወጡና ዝናብ በሚገባበት ቀፎ ላይ ጽሑፉን ወደ ታች አድርገው አለበሱት። ኃላፊው ተሰቅሏል ብለው ወደ ጀልባው ተመለሱ።

ሰኞ ሪፖርቴን እንዳየሁት ጻፍኩ። ሦስት ቦታዎች ተጎብኝተዋል፤ አንዱ ልብስ ይታጠብበታል፣ አንዱ ፈተና ይታረምበታል፣ በአንዱ ማር ይመረታል፤ ያልታወቀ ቦታ አልተገኘም። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ስወጣ ለእናቴ የምነግራትን እየለካሁ ነበር።

ሐሙስ ደብዳቤ ደረሰኝ። በአንድ ቀን ጉዞ ሦስት የመስህብ ቦታዎች ለኅብረተሰቡ አገልግሎት እየሰጡ መሆናቸውን በማረጋገጥ ከዕቅድ በላይ ስላከናወንኩ፣ ቋሚ ሆኛለሁ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገሬን ማንም አላነበባትም፤ ወይም አንብበው ትተዋታል። ላስተካክል ብዬ እስከ ኃላፊው በር ድረስ ሄጄ፣ አንኳኳሁ፣ ገባሁ።

«ምነው? ስህተት አለው?»

ደብዳቤውን እንደገና አየሁት።

«ስሜ በትክክል ተጽፏል» አልኩና ወጣሁ።