የሐሙስ ከሰዓት መንኮራኩር

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ የካስታኛ ሽታ ነው፤ ያ ሮም ውስጥ ብርድ ሲገባ መንገድ ዳር በከሰል እየጠበሱ የሚሸጡት ፍሬ። ማስታወቂያው ራሱ ምንም አይሸትም፣ ዝናብ የመታው መስታወት ነው። ግን ያቺ ብርቱካናማ የጠፈር መንኮራኩር፣ ያቺ ፀጉሯ አጭር ልጅና አሮጌው ሮቦት ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩኝ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከሥሩ «ፊልሙ ታድሶ ለሦስት ቀን ብቻ» ይላል። ደሜ ፈላ። ሰው በካርቱን ይናደዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እናደዳለሁ፤ ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ።

እናቴ ሮም ውስጥ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ፊሳ ይሏታል፤ ጣሊያናዊቷ አሠሪዋ፣ ሲኞራዋ ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። እንደሷ ያሉ እናቶች ልጅ ሲኖራቸው ልጁ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት አዳሪ ቤት፣ ወደ ኮሌጆ ይገባል። እኔ የገባሁት በስድስት ዓመቴ ነው። የእናቴ ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነበር። እሑድን ሲኞራዋ እንግዳ እየጠራች ስለምትበላባት ሐሙስ ብቻ ቀረን። የሌላው ልጅ እናት የዘወትር ናት፤ የኔዋ የሐሙስ እናት ነበረች።

ኮሌጆ ውስጥ ከእራት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቴሌቪዥን ይከፈትልን ነበር። የምናየው ያንን የጃፓኖች ካርቱን ነው። ልጅቷ ጠፈር ላይ ጠፍታ፣ ሮቦቱ እያገለገላት፣ ከኮከብ ኮከብ እየዞረች ቤቷን፣ ምድርን ትፈልጋለች። የብርዱን ወራት ሁሉ ተከታተልናት። ተከታታዩ ሲያልቅ ግን ልጅቷ ገና መንገድ ላይ ነበረች! እርር ድብን አልን። በዓመቱ ፊልም ሆኖ ወጣ፤ መድረሷም አለመድረሷም እዚያ ላይ ይታወቃል ተባለ። እኔ ደግሞ ለማንም ሳልናገር በልቤ ምልክት ይዤ ነበር፤ እሷ ቤቷ ከደረሰች እኔና እናቴም አንድ ቤት እንገባለን ብዬ።

«በሚመጣው ሐሙስ እወስድሻለሁ፣ ማርያምን!» አለችኝ እናቴ።

ሐሙስ ዕለት ምሳዬን ሳልጨርስ ካፖርቴን ለብሼ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። መጣች። በእጇ ግን አንድ ልጅ ይዛለች፤ የሲኞራዋ የልጅ ልጅ፣ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ።

«ሲኞራዋ ፀጉር ቤት ቀጠሮ አላት። አሎራ፣ እንግዲህ እሱንም ይዘነው እንሄዳለን» አለች፣ ዓይኗን ከዓይኔ እያሸሸች።

በዕረፍት ቀኗ! በኔ ቀን! አስቡት፤ ሴትዮዋ ሳምንቱን ሙሉ እናቴን ወስዳ ያቺን ግማሽ ቀን እንኳ አልተወችልንም። እናቴስ? «ሲ ሲኞራ»፣ እሺ እመቤቴ ከማለት ሌላ አፍ አልነበራትም ወይ? እስከ ዛሬ ሁለቱንም እኩል እቀየማለሁ።

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ካስታኛ ገዛችልን። ውስጡ የሲጋራና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ ነበረው። ልጁ ጭኗ ላይ ወጣ፤ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ከላያችን አልፎ ሸራው ላይ ሲያርፍ ግን ሁሉንም ረሳሁት። የኮሌጆው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለነበር መንኮራኩሯ ብርቱካናማ መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ወደ መጨረሻው የሮቦቱ ክንድ ተገነጠለ፣ አዳራሹም በድምፅ ተናወጠ። ልጁ ጮኸ። «ኖና! ኖና!» እያለ አያቱን ይጠራል። እናቴ እሹሩሩ አለችው። ከኋላ ሰዎች ዝም አስብይው ብለው ተቆጡ። ተነሳች።

«ተነሽ።»

«ሊያልቅ ነው እኮ!»

«ተነሽ አልኩሽ! ልጁ ቢታመምብኝ ምን እላታለሁ? ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በሷ ፊርማ ነው!»

በክንዴ ጎትታ አወጣችኝ። በሩ ላይ ዞር ስል፣ ጨለማው መሐል አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ታየች። ከዚያ መጋረጃው ወደቀ።

መንገድ ላይ «ሂጂ ከሱ ጋር! የሱ እናት ሁኚ!» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ዝም አይነቅዝም ማለት ትወድ ነበር። ይነቅዛል እማዬ፤ እኔ ውስጥ ነቅዟል። ኮሌጆው በር ላይ «ሌላ ሐሙስ እናየዋለን» ብላኝ ሄደች። በሳምንቱ ሲኒማ ቤቱ ሌላ ፊልም አስገባ። እኛም አንድ ቤት የገባነው እኔ አድጌ የራሴን ቤት ስከራይ ነው። ፊልሙ በኋላ በካሴትም በዲቪዲም ወጥቷል፣ አሁንማ ስልክ ላይም አለ። አላየሁትም። እልኸኛ ነኝ፤ ከሷ ጋር ካልሆነ አላየውም ብያለሁ።

ዛሬ እናቴ ማስታወስ ተስኗታል። ስሜን ትስታለች፤ ሐሙስን ግን አትስትም። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጫማዋን ወልውላ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ታደሰው ፊልም እኔ ወሰድኳት። ካስታኛም ገዛሁላት። በሰላም ተቀምጣ ታይ ነበር። የሮቦቱ ክንድ ሲገነጠልና አዳራሹ ሲናወጥ ግን ብድግ አለች።

«ልጁስ?»

«የቱ ልጅ እማዬ?»

«ባምቢኖው! የት ጣልኩት? ሲኞራዋ ምን ትለኛለች!»

ጭኗን ደባበሰች፤ ጎንበስ ብላ ወንበር ሥር ፈለገችው። ከኋላችን ሰዎች ተቆጡ። ያ ልጅ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ ይሆናል፣ እኛንም አያስታውሰንም፤ ከእናቴ ጭን ግን አሁንም አልወረደም! ክንዷን ይዤ አወጣኋት። በሩ ላይ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ውጪ ያካፋል። «ልጁ ቤቱ ገብቷል፤ አያቱ መጥታ ወሰደችው» አልኳት።

ትንፋሿ ተመለሰ። «ተመስገን» አለች። ከዚያ የካስታኛውን ከረጢት ከካፖርቷ ኪስ አወጣች። ከውስጡ አንድም አልበላችም። አፉን አጥብቃ ጠቀለለችው።

«አሎራ፣ እኔ ልፍጠን። ዛሬ ሐሙስ እኮ ነው። ልጄ ኮሌጆው በር ላይ ካፖርቷን ለብሳ እየጠበቀችኝ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ላድርስላት።»

«እኔም መንገዴ በዚያ ነው፤ አብረን እንሂድ» አልኳት።