የተዘቀዘቀ ነጠላ

የማርያምወርቅን ተዝረክርካ አየኋት የሚል ሰው እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ሥር ያለው መንደራችን ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ ነው። እሷ ግን ወፍጮ ቤት ስትሄድ እንኳ ጫማዋ የተወለወለ፣ ቀሚሷ የተተኮሰ ነበር። መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። እኔ ግቢዋ ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይቼ በገባሁ በሳምንቱ በፒጃማ ቧንቧ ጋ አየችኝና፣ “ነፃነት፣ እናትሽ እንዲህ ሆነሽ ብታይሽ ምን ትላለች?” አለችኝ። ለሁለት ቀን አኮረፍኳት። ከዚያ በኋላ ግን ለብሼ መውጣት ጀመርኩ።

ባሏ ዓለሙ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ተሳቢ ይነዳል። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ገና ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሞባይል በየሰው እጅ ገብቷል፣ አፋር በረሃ ላይ ግን አይሠራም። የማርያምወርቅ በየማታው ትደውላለች፣ “የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም” ትባላለች፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ትገለብጠዋለች። ልጅ የላቸውም። ያላት እሱ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጓዳ ሆና ጸጉሯን ስትታጠብ ነበር። የለበሰችው አሮጌ ጥቁር የውስጥ ቀሚስ ነው፤ የአንድ ትከሻው ማንገቻ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ለጓዳ ካልሆነ ለምንም የማይሆን ልብስ ነው። በማኅበር የተደራጁት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ደግሞ ሳይመጡ ሰንብተው ኖሮ፣ በራችን ላይ ያለው የቆሻሻ ማዳበሪያ ተልቶ ውሃው መንገድ ላይ ይፈስ ጀምሯል። “ቆሻሻ!” የሚል ጩኸት ሰማን። ጋሪው ካመለጠ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የማርያምወርቅ ውሃ ከጸጉሯ እየተንጠባጠበ ወጣች፣ ከገመዱ ላይ ነጠላዋን ጎትታ ላይዋ ላይ ጣል አደረገች፣ ማዳበሪያውን እየጎተተች ከግቢ ሮጠች።

ዓይኗ ማዳበሪያው ላይ ስለነበረ ነጠላውን ልብ አላለችውም። ከታች መውረድ የነበረበት ጥለት አንገቷ ሥር መጥቷል። ነጠላ እንዲህ የሚዘቀዘቀው ደግሞ ለሐዘን ነው።

ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ዘውድነሽ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። የባትሪ ሬዲዮ አላቸው፤ ዓርብ ማታ ሚሌ አካባቢ አንድ ተሳቢ ተገልብጦ ሹፌሩ መሞቱን ሰምተዋል። ስም አልተጠራም። እሳቸው ግን ለሰፈሩ በሙሉ ሲያዳርሱ አድረዋል፤ ያልነገሩት ለየማርያምወርቅና ለእኔ ብቻ ነው፣ መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርማ! አሁን ታዲያ እርጥብ ጸጉሯን ነስንሳ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላ ዘቅዝቃ ስትሮጥ አዩዋት። ሰምታለች አሉ በልባቸው። አንዴ እንኳ ሳይጠይቁ ደረታቸውን ደቁ።

“ወይኔ ዓለሙ! ወይኔ ወንድሜ!”

የማርያምወርቅ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰፈሩ ሰምቶ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት አለች በልቧ። እትዬ ዘውድነሽ ከእሷ ነጠላ አወቁ፣ እሷ ከእትዬ ዘውድነሽ ጩኸት አወቀች፤ ከሁለቱ አንዳቸውም የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ማዳበሪያው ከእጇ ወድቆ ፈነዳ። እሷም እዚያው ላይ ወደቀች። ነጠላው ተገፈፈ፣ የመርፌ ቁልፉ ተፈነቀለ፣ ያቺ ለወፍጮ ቤት የምትተኩስ ሴት ጡቷ ተራቁቶ የበሰበሰ የሽንኩርት ልጣጭና ትል ውስጥ እየተንከባለለች ደረቷን መምታት ያዘች። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከሽታው ይልቅ ያጥወለወለኝ ግን ሰዉ ነው። ከየበሩ ወጥቶ ከቧት ቆመ። ሴቶቹ እያለቀሱ ያያሉ፣ ወንዶቹ ሳያለቅሱ ያያሉ። ፊታቸውን ያዞሩት ቆሻሻ ጫኞቹ ብቻ ነበሩ።

ጋቢ ይዤ ስሮጥ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ከበበ ክንዴን ያዙኝ። ጋሼ ከበበ ክረምት ከበጋ መንገድ ላይ የሚውሉት በካናቴራ ነው፤ ካናቴራው ከእምብርታቸው በላይ ይቀራል፣ ከሥሩ ሆዳቸው ይወጣል። አንድም ሰው ነውር ብሏቸው አያውቅም። በአፋቸው መፋቂያ ይዘዋል።

“ቆይ ልጄ፣ ተያት። ይውጣላት” አሉኝ። ዓይናቸው ፊቷ ላይ አልነበረም።

“እርስዎ ይውጣልዎት!” ብዬ ክንዴን መነጨቅኩ። አለበስኳት።

ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶው ሲበርድና ሰዉ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ሲጀምር፣ ዓለሙ በተምር የተሞላ ፌስታል አንጠልጥሎ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ።

“ማን ሞቶ ነው?” አለ።

የተገለበጠው የሌላ ሰው መኪና ነበር። የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እልልታው አላስጠየቀም። የማርያምወርቅ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ አለች። አጥቤያት ነበር፣ ግን ያ ሽታ ከጸጉሯ ገና አልወጣም። እሱም አለቀሰ። ይህን አልክድም፣ አለቀሰ።

የለቀስተኛውን ብርጭቆ ስሰበስብ ግን ጋሼ ከበበ ዓለሙን ወደ ድንኳኑ ጥግ ሲወስዱት አየሁ።

“እንኳን እግዜር አተረፈህ” አሉት። “ግን እንደ ወንድም ልንገርህ፣ ከሰው ከምትሰማው። ሚስትህን ሰፈሩ በሙሉ አይቷታል። ምንም አልቀረም። ሴት ልጅ እንዲህ ሆና ትወጣለች?” ይህን ሲሉ በካናቴራቸው ሥር እጃቸውን ሰደው ሆዳቸውን ያካሉ። ትሪውን ፊታቸው ላይ ብወረውረው ምን ነበረበት! ዓለሙ መሬት መሬቱን አየ። ቀና ሲል ፊቱ የቅድሙ ዓለሙ ፊት አልነበረም።

አመሻሽ ላይ የባልና ሚስቱ ድምፅ ወደኔ ክፍል መጣ፤ የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነው።

“ልብስሽ የት ነበር?”

“ዓለሙ፣ ሞተህ መስሎኝ እኮ ነው።”

“ብሞትስ?”

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ሰማሁ። ይህች ሴት ስንት ማታ ለዚያ ስልክ ስትደውል የኖረች ናት። እሱ ላይ አፈር የተጫነ መስሏት ራሷን ትል ላይ ጣለች፤ እሱ ደግሞ ከመቃብሩ ሆኖ ስለ ቀሚሷ ማንገቻ ሊጠይቃት ነው! አስጠላኝ። ሰፈሩ አስጠላኝ፣ እሱም አስጠላኝ።

እሑድ ጠዋት ሰዎች ድንኳኑን ሊነቅሉ መጡ። ጋሼ ከበበ በካናቴራቸው ሆነው ያዛሉ። የማርያምወርቅ ከቤት ወጣች። ጸጉሯን ተሠርታለች፣ ጫማዋ ያበራል፣ ጥቁር ቀሚሷ አንድ እጥፋት የለውም። ነጠላዋ ግን ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር፣ በመስታወት ፊት የተስተካከለ ይመስላል። ሁሉም ሥራውን አቁሞ አያት። አሁንም ያያሉ፣ አልኩ።

“ውይ የኔ እናት፣ ዛሬም ዘቅዝቀሽው ወጣሽ!” ብለው እትዬ ዘውድነሽ ሊያስተካክሉላት እጃቸውን ዘረጉ።

የማርያምወርቅ እጃቸውን በቀስታ መለሰችው። “አውቄ ነው፣ እትዬ።”

“ምነው፣ ማን ሞተ ደግሞ?”

“ዓለሙ።”

ዓለሙ የሻይ ብርጭቆ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። እሷ ወደሱ ዞራ አላየችም፣ ወደ ጋሼ ከበበ ነው የዞረችው።

“ድንኳኑን ገና አያፍርሱት ጋሼ” አለቻቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት ያዘች።