የራሰው ጀሶ

በደርግ ጊዜ ነው፣ ጉለሌ ስንኖር። ባለቤቴ የሺ ካረፈች ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማሳመር አልችልም።

የመጀመሪያ ልጃችን ታሪኩ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ተጣመው ተወለደ። ሐኪም ቤት በየሳምንቱ እያቃኑ ጀሶ ያስሩለት ጀመር። እኔ ፋብሪካ ነኝ፤ የምትመላለሰው የሺ ናት። ጀሶው ከልጁ ይከብዳል። አዝላው አውቶቡስ ስትገባ እግሩ ሰው ይገፋል፣ ሰዉ እሷን ይቆጣል። ገላውን ማጠብ አይቻልም፣ በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች። ጎረቤት ደግሞ «ምን በድላ ነው?» ይላል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት የለም። ልጁን ለእናቴ ትተን ሁለታችንም ሄድን።

ስንመለስ እናቴ ደስ ብሏት ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

«ጠበል ወሰድኩት» አለች። «እግሩ ላይ ደህና አድርገው አፈሰሱለት። በቃ፣ ይድናል።»

ጀሶው እንደ ሊጥ ሆኗል። ልጮህ አፌን ስከፍት የሺ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ተው! ወደውት ነው ያደረጉት» አለችኝ ቀስ ብላ። ወደ እናቴ ዞራም «ያን ሁሉ ዳገት አዝለውት ወጡ? ደከሙ እኮ፣ እማማ» አለቻት።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ስታየው ጮኸች።

«ውሃ አይንካው አላልኩሽም? ምን ዓይነት እናት ነሽ?»

«አጥፍቻለሁ፣ እህቴ። እንደገና እሰሩልኝ» አለች የሺ። የእናቴን ስም አላነሳችም።

እንደ አዲስ ተጀመረ። ወራት ፈጀ። የግራው ተቃና። የቀኙ ግን እንደተጣመመ ቀረ። በዚያ ጠበል ይሁን በሌላ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የግራውን ያቃናው ጠበሉ ነው» ትል ነበር። «አይደለም እንዴ፣ የሺ?» ስትላት የሺ «አዎ፣ እማማ» ትላለች። እንግዳውም እናቴን ይመርቃል። የሺ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

አሁን ሁለቱም የሉም። በጠበሉ አምናለሁ፣ እናቴንም አልወቅሳትም። ግን ያን ልጅ በጀርባዋ ተሸክማ ያቆመችው የሺ ናት፤ ያን ሁሉ ምርቃት ስትሰማ አንዱ እንኳ የእሷ አልነበረም። ይቆጨኛል።