ዤልሚራና የኔ ፉዚክ

ዤልሚራን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀንቼባታለሁ። ማን ይሰማኛል ብዬ ልደብቅ? ዝቮለን ከተማ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ልክ ከራሷ በላይ አራተኛ። ፖስታ ቤት ስትሠራ ሌላው መስኮት ባዶ ሆኖ ሰው እሷ ጋ ይሰለፍ ነበር። ባሏ ሳህን ያጥባል። የሷ በረንዳ ላይ የሚያብበው አበባ የኔ በረንዳ ላይ ይደርቃል። ሟች ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤታችን ቧንቧ እያንጠባጠበ የሷን ሊጠግን ይወርድ ነበር። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አይደለችም።

እሷ የሌላት አንድ ነገር ግን ነበረኝ፤ ጥንቸሎቼ፣ ፉዚክና ኪካ። ሳሎን ውስጥ እንደ ድመት ተለቀው ነው የሚኖሩት። ፉዚክ በተቀመጥኩበት መጥቶ አገጩን እግሬ ላይ ያሻል። ጥንቸል አገጩን ያሸበት ነገር ሁሉ የኔ ነው ማለቱ ነው። እኔን እንዲህ የኔ ነሽ ያለኝ ሰው የለም። ታዲያ አምና ዤልሚራ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እሷም ጥንቸል አመጣች፤ ፔርላ የምትባል ነጭ። አንጀቴ አረረ።

መጋቢት ላይ ኪካ ሞተችብኝ። ፉዚክ መብላት አቆመ። ጥንቸል ደግሞ አንድ ቀን ሳይበላ ከዋለ አንጀቱ ይቆምና ይሞታል። የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ወጋው፣ በሲሪንጅ እንዴት እንደምመግበው አሳየኝ፣ ከዚያ "እማማ፣ ዋናው መድኃኒት እኔ ጋ የለም። ጓደኛ ይፈልጉለት፣ ዛሬውኑ" አለኝ።

"ከየት አምጥቼ?"

"ሕንፃዎ ውስጥ ጥንቸል ያለው ሰው የለም?"

አለ እንጂ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሯን አንኳኳሁ። ዤልሚራ ፉዚክን እቅፌ ውስጥ ስታየው "ውይ ኦቲልካ፣ ምን ሆኖብሽ ነው? ግቢ፣ ግቢ" አለች።

"አልገባም። ቤቷ ከገባ ፔርላ ትነክሰዋለች። የሁለቱም ያልሆነ ቦታ ነው የሚያስፈልጋቸው።"

የሁለቱም ያልሆነው ቦታ ምድር ቤት ያለው የሕንፃው ልብስ ማድረቂያ ክፍል ነው። የጎረቤት አንሶላ ራሳችን ላይ ተንጠልጥሎ ሁለታችን ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ ከማን ጋር፣ ከሷ ጋር! ፔርላ ፉዚክን እያባረረች ፀጉሩን ነጨችው።

"አታስቢ፣ የኔም ሰውዬ መጀመሪያ ያሳድደኝ ነበር" አለች ዤልሚራ።

"አንቺ ምን አለብሽ፣ ሳህን የሚያጥብ ባል አለሽ።"

"ይሄ የሳህን ነገር ዛሬም ከሆድሽ አልወጣም? ልላክልሽ፣ ያንቺንም ይጠብ!"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። በሲሪንጅ እየመገብኩት፣ እየተመላለስን በሦስተኛው ቀን ፉዚክ ጭንቅላቱን ፔርላ ደረት ሥር አስገባ። እሷም ግንባሩን ላሰችው። ከዚያ አፏ ላይ ያለውን ድርቆሽ ነጥቋት በላ። ደስ አለኝ፤ ደስ አለኝ እንጂ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ በእጄ እየለመንኩት እምቢ ያለኝ እሱ አይደለም? ቅናት አንገበገበኝ። በዚህ ዕድሜዬ በጥንቸል ቀናሁ።

አንዴ ከተላመዱ ደግሞ መለያየት የለም፤ ቢለያዩ ፉዚክ መልሶ ምግብ ይተዋል። ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን ባዶ እጃችንን መቅረታችን ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

"ፔርላን ውሰጃት" አለች ዤልሚራ። እንዲሁ፣ ጨው እንደምታውስ ሰው። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

አመስግኜ ሁለቱንም ታቅፌ መውጣት ነበረብኝ። ለእኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው፤ ሕንፃው በሙሉ "ዤልሚራ እኮ ጥንቸሏን ሰጠቻት፣ ወይ ደግነት" ሲል። ደግሞ በዚህም ልትበልጠኝ ነው?

"በፍጹም" አልኩ። "ፉዚክን አንቺ ውሰጂው። ባልሽ አለ፣ ስትወጪም ብቻቸውን አይሆኑም።"

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት መጣች። የሹራቧ እጅጌ ላይ የፉዚክ ግራጫ ፀጉር አለ።

"ኦቲልካ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሁለቱንም ላምጣልሽ? አምጪ ካልሽ አሁኑኑ አመጣለሁ።"

አምጪ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "ምን ነካሽ? ሰጠሁሽ እኮ" አልኳት።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ትናንት ውሰጃት ስልሽ፣ እሺ እንዳትዪኝ በሆዴ እየጸለይኩ ነበር። ያንቺ ዓይነት ልብ የለኝም፣ እህቴ።"

ሠላሳ ዓመት ይህን ነበር ከአፏ መስማት የምፈልገው። ይኸው፣ በለጥኳት። ሸኝቻት በሩን ዘጋሁና ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከታች በሯን ስትከፍት ተሰማኝ።

"ፉዚክ፣ መጣሁልህ" አለችው።