ነጩ ካርድ

ረቢያ በር ሲንኳኳ «ማነው?» አትልም፤ «ምን ፈለግህ?» ነው የምትለው። ሮቤ ውስጥ ይህን አመሏን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ልጇ ሶረቲ ሯጭ ሆና በቴሌቪዥን ከታየች ወዲህማ ባሰባት፤ ከተራ ሰላምታ ሥር እንኳ ሌላ ነገር ትፈልጋለች።

ሶረቲ ለአረፋ ቤት በመጣችበት ሰሞን አንድ የጎባ ሚኒባስ ረዳት ለረቢያ ፖስታ ሰጣት። ውስጡ የሶረቲ ፎቶ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ካርድና አጭር ደብዳቤ ነበር። ረቢያ ማንበብ ስለማትችል ጎረቤቷ ዙህራ አነበበችላት። ዘሪሁን የሚባል የጎባ መምህር ነው፤ አድናቂ ነኝ፣ ካርዱ ላይ ይፈረምልኝና በዚያው ሚኒባስ ይላክልኝ ይላል።

ረቢያ ክው አለች። ባሏ በሞተ ዓመት የባሏ ወንድም «ለግብር ነው» ብሎ ነጭ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አስነክቷት ነበር። ጽሑፉ የተሞላው በኋላ ነው። ገሰራ የነበራቸው የእርሻ መሬት በዚያ ጣት ሄደ። አሁን የቀራቸው ሶረቲ ሮጣ ያገኘችው ይኸው ቤት ነው፤ እሱም በሶረቲ ስም ነው። አድናቂ ከሆነ ካርዱን ለምን ባዶውን ይልካል? ልጅቷንም ከፈለገ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ፎቶ በፖስታ ምን ይሉታል? ፖስታውን ፍራሽ ሥር ወሸቀችው፤ ለሶረቲም ትንፍሽ አላለች።

መልስ ያጣው ዘሪሁን ጁምዓ ከሰዓት ራሱ መጣ። ዓይነ አፋር ወጣት ነው። ረቢያ በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛ አገሩንና ወገኑን፣ እዚህ ማን እንደሚያውቀው መረመረችው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ መምጣቱንና እዚህ ዘመድ እንደሌለው ነገራት። ይሄ ደግሞ ይብሱን አጠራጠራት። ሶረቲ ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ ስለ ፖስታው ስትሰማ በእናቷ አፈረች።

ረቢያ ግን ገብታ ነጩን ካርድ አመጣችና ለመምህሩ ሰጠችው።

«አስቀድመህ አንተ ፈርምልኝ» አለችው። «እኔ ጋ ይቀመጣል።»

ዘሪሁን ፈገግ ብሎ እስክሪብቶ አወጣ። ሊፈርም ሲል ግን እጁ ቆመ። ባዶውን ካርድ አየ፤ እሷን አየ።

«እማማ፣ ከላይ ምን ሊጻፍበት ነው?»

«እኔስ ምን አውቄ?»

ፊቱ ቀላ። ባዶውን የላከው የእሱ የእጅ ጽሑፍ ካርዱን እንዳያበላሽ ብሎ እንደነበር ነግሮ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ከካርዱ አናት ጀምሮ «ለመምህር ዘሪሁን ማስታወሻ፣ ከሯጭ ሶረቲ» ብሎ ጻፈ። ሶረቲ ለእናቷ በኦሮምኛ አነበበችላት፤ ድገሚው ተባለችና ደገመችው። ከጽሑፉ ሥር አስጠግታ ፈረመች። የቀረውን ባዶ ቦታ ረቢያ ራሷ እስክሪብቶውን ተቀብላ በመስመር ሰረዘችው።

መምህሩ አመስግኖ ሲሄድ ሶረቲ ተቆጣች፤ ሰው በር ላይ እንዲህ አይዋረድም አለች።

ረቢያ አውራ ጣቷን ስታሻሽ ቆየች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የገሰራውን መሬት ሸጥነው ብዬሽ ነበር። አልሸጥነውም። አጎትሽ ነጭ ወረቀት ሲሰጠኝ፣ እንደ መምህሩ ምን ሊጻፍበት ነው ብዬ እጄን አልያዝኩም።»